ምጽዋቱ የማን ነው?

መስከረም ሲጠባ ደብረ ማርቆስ ገበያ ውስጥ እናትና ልጅ አብረው የሚገቡበት ተራ አለ፤ ሰልባጅ። ሸራ መሬት ላይ ተነጥፎ፣ ከቦንዳ የተፈታው ሹራብ፣ ጃኬትና ሱሪ ተቆልሎ፣ ነጋዴው "ምረጡ፣ ምረጡ!" ይላል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ የጮቄም ብርድ ሩቅ አይደለም። ስለዚህ ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል ወላጅ መጀመሪያ የሚፈልገው ወፈር ያለ ሹራብ ነው።

እናት አመራረጡን ታውቅበታለች። ልብሱን ገልብጣ ስፌቱን ሳብ ሳብ ታደርጋለች፤ ብብቱንና አንገትጌውን ታያለች፤ የሱሪው ጉልበት ሳስቶ እንደሆነ ወደ ብርሃን አንሥታ ትመረምራለች፤ ዚፑን ታመላልሳለች። የልጁ ዐይን ግን ሌላ ቦታ ነው፤ የክፍል ጓደኛው እንዳያየው ዙሪያውን ይቃኛል። "እማዬ፣ የማን ነበር?" ይላታል። "ታጥቦ ይለበሳል፤ ምን አለበት?" ትለዋለች። ቤት ሲገቡ በፈላ ውሃ ይዘፈዘፋል፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል።

የልጁ ጥያቄ ግን በውሃ አይለቅም። ሌላው የለበሰውን መልበስ ሰውን ያሳንሳል? መጽሐፍ ቅዱስን ያነበበ "አዎ" ለማለት ይቸገራል። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 27 ርብቃ የበኩር ልጇን የዔሳውን ልብስ አውጥታ ታናሹን ያዕቆብን ታለብሰዋለች፤ ዐይኑ የፈዘዘው ይስሐቅ የልብሱን ሽታ አሽትቶ ይመርቀዋል። ልብስ የቀድሞ ለባሹን ጠረን ይዞ እንደሚቀር እናቲቱ ታውቃለች፤ በረከቱም የደረሰው በዚያው ጠረን በኩል ነው። ኤልሳዕ ከኤልያስ የወደቀውን መጎናጸፊያ አንሥቶ ዮርዳኖስን ከፍሎበታል። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 19 ደግሞ ወታደሮች የጌታን ልብስ ለአራት ይከፋፈላሉ፤ ስፌት በሌለው እጀ ጠባብ ላይ ዕጣ ይጣጣላሉ። ከዚህ ሁሉ በኋላ በሰው የተለበሰ ልብስ ውርደት ነው የሚል ክርስቲያን ከየት አምጥቶ ነው?

የሚከብደው ልብሱ የመጣበት መንገድ ነው። ከእነዚህ ሹራቦች ብዙዎቹ ጉዟቸውን የሚጀምሩት አውሮፓ ወይም አሜሪካ ያለ ሰው ለድኻ ይሁን ብሎ በጎ አድራጎት ሣጥን ውስጥ ሲከታቸው ነው። ከዚያ ይለያሉ፣ በቦንዳ ይታሰራሉ፣ በኪሎ ይሸጣሉ። የናይሮቢው ጊኮምባና የአክራው ካንታማንቶ በዚሁ ንግድ ስማቸው የገነነ ገበያዎች ናቸው። ሩዋንዳ የራሷን የልብስ ፋብሪካዎች ለማሳደግ ስትል እ.ኤ.አ. በ2016 ቀረጡን በኪሎ ከ20 ሳንቲም ወደ 2 ዶላር ከ50 ብታሳድገው፣ አሜሪካ በ2018 ለሩዋንዳ አልባሳት ሰጥታው የነበረውን ከቀረጥ ነፃ ዕድል አገደች። ኢትዮጵያ ያገለገለ ልብስ ለንግድ እንዳይገባ ከልክላለች፤ ሰልባጁ ግን በኮንትሮባንድ ድንበር ይሻገራል፣ እጅ በእጅ ይሸጣል፣ የዓባይን በረሃ ወርዶ ወጥቶ ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ደብረ ማርቆስ ይደርሳል። በየእጁ ትርፍ ይያዝበታል። የሁሉንም ትርፍ መጨረሻ ላይ የምትከፍለው ጤፍ ወይም ቅቤ ሸጣ የመጣችው እናት ናት።

ታዲያ መነሻው ላይ የነበረው ምጽዋት የት ገባ? እናቲቱ ዋጋውን ከፍላለች፤ ልጇ የማንም ተመጽዋች አይደለም። ሣጥኑ ውስጥ የከተተው ሰውም ቢሆን መስጠቱ ያጠራጥራል። በ4ኛው መቶ ዘመን የኖረው የቂሣርያው ባስልዮስ፣ በስሙ የሚጠራው ቅዳሴ ከ14ቱ ቅዳሴያት አንዱ የሆነው አባት፣ ጎተራውን አፍርሶ ሌላ ሊሠራ ስላሰበው ባለጸጋ ሲሰብክ ጠንከር ያለ ነገር አስተምሯል፤ ተቆልፎበት የተቀመጠ ልብስ የታረዘው ሰው ገንዘብ ነው ብሏል። እንዲህ ከሆነ ትርፉን የሚያወጣ ሰው ገና የሰው ዕዳ እየመለሰ ነው።

ሉቃስ ምዕራፍ 3 ላይ መጥምቁ ዮሐንስ ከዚህም ያልፋል፤ ሁለት ልብስ ያለው ለሌለው እንዲያካፍል ያዛል። ሁለት ልብስ ደግሞ ትርፍ አይባልም። አንዱ ሲታጠብ ሌላው የሚለበስ ቅያሪ ነው፤ ክረምት ላይ ልብስ ሁለት ቀን ሳይደርቅ በሚውልበት ደጋ የሚኖር ሰው ይህን አሳምሮ ያውቀዋል። ትእዛዙ የሚነካው የሚያስፈልገንን ነገር ነው። ይህን የሚፈጽሙትም ብዙ ጊዜ ሰልባጅ ተራ ያሉት እናቶች ናቸው፤ የታላቁ ሹራብ ለታናሹ፣ ከታናሹ ለጎረቤት ልጅ ይተላለፋል፤ እጅጌው እስኪነትብ ድረስ። ስለ ምጽዋት መናገር ካስፈለገ በዚያ ሹራብ ጉዞ ውስጥ ምጽዋት የሚባለው ይህ የመጨረሻው ቁራጭ መንገድ ነው።

ጎጃም የቅኔ አገር ነው። ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ኤልያስና ዋሸራ፣ ደበሎ የለበሰ ተማሪ "በእንተ ስማ ለማርያም" ብሎ ለምኖ እየበላ ሊቅ የሚሆንባቸው ደጆች ናቸው። ደራሲው ሀዲስ ዓለማየሁም በልጅነታቸው በጎጃም ጉባኤ ቤቶች ተምረዋል። ደበሎውን የሚንቅ የለም። ሰልባጅ ተራ የሚያፍረውን ልጅ "የቆሎ ተማሪውን አይተህ ተጽናና" ማለት ግን በደል ነው። የቆሎ ተማሪ ደበሎ የገባበት ሕይወት ልብስ ነው፤ ባልንጀሮቹም ያንኑ ለብሰዋል። ሰልባጅ የለበሰው ልጅ ግን አዲስ በለበሱ መካከል ብቻውን ይቀመጣል። ለእርሱ ስለ ልብስ ከንቱነት ሊሰብክ የሚነሣ አዋቂ በቅድሚያ የራሱን ኮት ይመልከት።

እንግዲህ ዘንድሮ የልብስ ሣጥኑን የሚከፍት አንባቢ የጠበበውንና የነተበውን ይተወውና ከሚለብሰው ቅያሪ አንዱን ያውጣ። ይጠበው፣ የወለቀ ቁልፍ ካለው ይትከልለት፣ ለጎረቤት ልጅ ወይም ለአብነት ተማሪ ይስጠው። ሲሰጥም ሰው በሌለበት ይሁን፤ ልጁ በማግሥቱ ለብሶት ሲወጣ ልብሱ የማን እንደነበር የሚያውቅ ሌላ ሰው አይኑር።