የመንገድ ወዳጅነትና የቤት ደጃፍ

አንባቢ ሆይ፥ መስከረም 21 ቀን ወደ ግሸን ማርያም፥ ታኅሣሥ 19 ቀን ወደ ቁልቢ ገብርኤል የሚጓዘውን ሕዝብ ተመልከት። ዛሬ ብዙው በመኪና ቢሄድም፥ ስለ ስእለቱ በእግሩ የሚጓዝ አልጠፋም። ሰው ስሙን ላልጠየቀው ሰው ስንቁን ያካፍላል፤ እግሩ የቈሰለውን ይጠብቃል። የአባትህ ሥራ ምንድር ነው ብሎ የሚመረምር የለም። በስእለት ነገር እኔ ከእነዚህ ተጓዦች ጋር አንድ አሳብ አይደለሁም፤ ስንቅን በመካፈል ግን ብዙ ጊዜ ይበልጡናል።

የምጠይቅህ ይህን ነው፤ በመንገድ የፈረሰው አጥር በቤት ደጃፍ ስለ ምን እንደ ገና ይታጠራል? በምዕራብ ዓባያ ከብርብር ወደ ጋሞ ደጋ የሚወጣ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። በአገሩ ልማድ ባለ ርስቱ «ማላ» ተብሎ ሲከበር፥ ሸክላ የሚሠሩት «ማና»፥ ቆዳ የሚፍቁት «ደጋላ» ተብለው ተለይተው ኖረዋል፤ ከማላ ጋር አይጋቡም፥ በአንድ ማዕድም አይቀርቡም ነበር። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ሰውን ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ቢያደርግም፥ ልማዱ ከልብ ጨርሶ አልወጣም። ሴቲቱ ከሸክላ ሠሪዋ ጋር እየተጫወተች አቀበቱን ትወጣለች፤ ቤት ሲደርሱ ግን ከደጅ ታሰናብታታለች። በውስጥ ወጡ የሚፈላበት ድስት የማን እጅ ሥራ ነው?

«መንገድ ችግር ነው፥ ችግርም ሰውን ያስተካክላል፤ ቤት ግን የአባቶች ሥርዓት አለበት» የሚል አለ። እንዲህ ከሆነ በመንገድ የወደድኸው ባልንጀራህን አይደለም፤ ጅብና ሽፍታ ፈርተህ አጀቡን ወደድህ እንጂ።

ወደ ኤማሁስ የሄዱትን ሁለቱን ደቀ መዛሙርት አስብ። መንገዱ ስድሳ ምዕራፍ፥ በዛሬ ልክ ዐሥራ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ነበረ። ያን ሁሉ ሲሄዱ፥ እንግዳው መጻሕፍትን ሲተረጕምላቸው እንኳ፥ ማን እንደ ሆነ አላወቁም። በመሸ ጊዜ በሰላም ሂድ ብለው ቢለዩት ማንም ባልነቀፋቸው ነበር። እነርሱ ግን ግድ ብለው ወደ ቤት አስገቡት፤ ያወቁትም በማዕድ ነው።

ከደጅ አቁሞ ለብቻዋ በተለየ ስኒ ቡና መስጠትን ቸርነት የሚሉ አሉ፤ እኔ በዚህ ስም አልጠራውም። ብታስገባት አማትህ ትቈጣ ይሆናል፤ ጎረቤትህም ከማዕድህ ይርቅ ይሆናል። ይህን ዋጋ አላቃልልብህም። ስለዚህ አስቀድመህ ከሚስትህ ጋር ተማከር፤ ማዕዱን የምታቀርብ እርስዋ ናትና።