የትኛው ትዝታ ነው እውነተኛው?

ስልኬ ውስጥ «ትዝታ» የሚል ስም ያላቸው አስራ ስድስት ፋይሎች አሉ። ሁሉም አንድ ዜማ ናቸው፤ አንዱ ግን ከሌላው አይመሳሰልም። ሰው ባሰማሁ ቁጥር አንድ ጥያቄ አይጠፋም፦ «ኦሪጅናሉ የቱ ነው?» ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ውስጡ ግን ፍርድ አለ፤ አንዱ እውነተኛ ከሆነ ሌላው ሁሉ ማበላሸት ነው ማለት ነው።

ትዝታ የዘፈን ስም ብቻ አይደለም። ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ ጋር ከአራቱ ዋና ቅኝቶቻችን አንዱ ነው። ዘፋኝ ሁሉ የራሱን ስንኝ ይዞ ይገባበታል። ጌታቸው ካሳ በ1960ዎቹ ያንኑ ትዝታ አንዴ በዝግታ፣ አንዴ በፈጣን ምት ተጫውቶታል። ሙላቱ አስታጥቄ ደግሞ ያለ ግጥም፣ በመሣሪያ ብቻ። ማህሙድ አህመድም አስቴር አወቀም በየራሳቸው መንገድ አዚመውታል። ከነዚህ የቱን ነው አበላሸው የምትሉት?

እኔ የምጫወተው በማንዶሊን ነው። በአገራችን ማንዶሊን ሲነሳ ቀድሞ የሚመጣው ስም አየለ ማሞ ነው፤ ከጣሊያን አገር የመጣው መሣሪያ የእኛን ቅኝት ያለ እንግድነት እንደሚናገር ያሳየን እሱ ነው። ማሲንቆ ድምፁን በጭራ እየጎተተ ያለቅሳል። ማንዶሊን ይህን አይችልም፤ የተመታው ድምፅ ቶሎ ይሞታል። ስለዚህ ጥንድ ጥንድ የሆኑትን ክሮች ቶሎ ቶሎ እየመታህ ታንቀጠቅጠዋለህ። ማሲንቆው ያለቀሰው ቦታ ላይ ማንዶሊኑ ይንዘፈዘፋል። ሐዘኑ ያው ነው፤ ገላው ሌላ ነው።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ ቀላል ነው። የሚከብደው ሌላው ነው።

አጎቴ ኡኬ ውስጥ ክራር ይጫወት ነበር። ትዝታን በአማርኛ ጀምሮ በአፋን ኦሮሞ ስንኝ ይጨርሰዋል። መጨረሻው ላይ ወደ መነሻው ድምፅ ከመመለሱ በፊት ትንሽ ይዘገያል፣ ደጅ ላይ ቆሞ ለመግባት እንደሚያመነታ ሰው። ሳይቀረፅ ሞተ። አንድ ቀን ያንን አካሄድ በማንዶሊን ስጫወት ሚስቱ ሰማችኝ። «እንዲህ አልነበረም እኮ፣ ልጄ» አለችኝ።

ለእሷ «ዜማ የሁሉም ነው፣ ይለዋወጣል» ብሎ መመለስ ይቻላል? ነገሩ እውነት ነው፤ ግን መልስ አይሆናትም። እሷ የጠየቀችኝ ስለ ዜማው አይደለም፣ ስለ ባሏ ነው። ለእኔ አንድ ቨርዥን የሆነው ለእሷ የቀራት ድምፅ ነው።

ከዚያ ወዲህ የገባኝ ይሄ ነው፦ ኦሪጅናል ለሚባል ነገር ዕዳ የለብንም፤ ለሰው ግን አለብን። ለእሷ ስጫወት የአጎቴን መዘግየት ሳልነካ፣ ክራር ለመምሰል ሳላንቀጠቅጥ ነጠላ ነጠላውን እመታለሁ። ብቻዬን ስሆን እፈጥነዋለሁ፣ እሰብረዋለሁ፣ እጫወትበታለሁ። በሁለቱም ውስጥ ውሸት የለም። ውሸት የሚሆነው የሱን መዘግየት የራሴ አስመስዬ ባቀርበው ነው።

ስለዚህ አዲስ አጨዋወት ስሰማ «ኦሪጅናሉን ጠብቋል ወይ?» ማለቱን ትቻለሁ። የምጠይቀው፦ «ይህን መታጠፊያ ከማን አገኘኸው? ስሙንስ ትጠራለህ ወይ?»