መካን የምትባለው እርሷ ብቻ ለምን?

ኒካሕ ታስሮ ሁለትና ሦስት ዓመት ካለፈ በኋላ ልጅ ሲዘገይ፣ በቤተ ዘመዱ ዘንድ ጥያቄው የሚወረወረው ወደ ማን ነው? መልሱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሐኪም ቤት የምትመላለሰው፣ «ሌላ ያግባ» ሲባል ጓዳ ሆና የምትሰማው ሚስት ናት። ባልየው ግን ቁመናው ያማረ፣ ጉልበቱ የሞላ ነው፤ እርሱን ማን ይጠይቀዋል?

እስቲ ፍርዱን ለጊዜው እናቆየውና የወንድ ዘር እንዴት እንደሚዘጋጅ እንመልከት። በሕዋሶቻችን ውስጥ የውርስ መመሪያ የሰፈረበት ዲ.ኤን.ኤ. አለ። መመሪያው ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ አይነበብም። ኢንዛይም የሚባሉ የሕዋስ ሠራተኞች ሜቲል የተባለች ጥቃቅን ምልክት በላዩ እያኖሩ ከፊሉን ዝም ያሰኙታል። ዘር በሚሆኑት ሕዋሶች ውስጥ የቀድሞው ምልክት ይጠረግና አዲስ ይታተማል። ራሳቸውን እያባዙ ከቦታ ቦታ የሚዘሉ የዲ.ኤን.ኤ. ቁራጮችም አሉ፤ እነዚህ ካልታሸጉ ዘሩን ያበላሹታል። ይበልጥ የሚያስደንቀው ግን ጊዜው ነው። በአይጦች እንደታየው ይህ ማኅተም የሚያርፈው ወንዱ ገና በእናቱ ማህፀን ሳለ ነው! ሱብሓነላህ!

ዴቦራ ቡርሺስና ቲሞቲ ቤስተር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት ጥናት፣ ዲ.ኤን.ኤም.ቲ. 3ኤል የተሰኘው ፕሮቲን የሌላቸውን ወንድ አይጦች መርምረዋል። ፕሮቲኑ ራሱ ምልክት አያኖርም፤ የሚያኖሩትን ኢንዛይሞች ያግዛል እንጂ። እርሱ ሲጎድል ዘላዮቹ ቁራጮች ነቁ፤ ክሮሞሶሞቹም በወጉ መጣመር ተሳናቸው፤ የዘር ሕዋሶቹም ጠፉ። ወንዶቹ በሕይወት ያደጉ ናቸው፤ ዘር ግን የላቸውም። ሁለቱ ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2001 ባወጡት ጥናት ደግሞ ያው ጉድለት ያለባቸው ሴት አይጦች አርግዘው ጽንሶቹ በእርግዝናው አጋማሽ ሞተዋል። ጉድለቱ አንድ ነው፤ በወንዱ ዘር ማጣት ሆነ፣ በሴቷ የጽንስ ሞት ሆነ። ከውጭ የሚታየው ግን የሴቷ ብቻ ነው።

የአይጥን ነገር እንዳለ ለሰው መስጠት አይገባም። ነገር ግን በሰውም ዘንድ ልጅ ካጡ ባልና ሚስት መካከል ወደ ግማሽ በሚጠጉት ምክንያቱ በባል በኩል ብቻ፣ ወይም ከሚስት ጋር በጋራ እንደሚገኝ ሐኪሞች ያውቃሉ።

ታዲያ ወቀሳውን ከሚስት አንስተን በባል ላይ እንጫነው? በፍጹም! በእናቱ ማህፀን ሳለ በታተመ ወይም ሳይታተም በቀረ ማኅተም ሰው እንዴት ይጠየቃል? አልመረጠውም፤ አላወቀውምም። «አልመረመርም» ማለትን ግን የመረጠው እርሱ ነው። ዕፍረቱን አቃልለን አናየውም፤ ለወንድ ልጅ ከባድ ነው። ነገር ግን ያንን ዕፍረት እርሱ ሲሸሸው የምትሸከመው ሚስቱ ናት፤ ይህ ደግሞ ግልጽ ዙልም ነው።

«የአላህ ቀደር ነው፤ ምን ያስመረምራል?» የሚሉም አሉ። መልካም! እርሷን ስትልኳት ይህ ቃል የት ነበር?

የባል ምርመራ የሚጀምረው የዘር ፈሳሽ ናሙና በመስጠት ነው፤ ቢላዋ የለው፣ መርፌ የለው። የወንድ ዘር ለመዘጋጀት ከሁለት ወር በላይ ስለሚፈጅ፣ ካለፈ ብርቱ ትኩሳት የተነሳ እንኳ ቁጥሩ ለጊዜው ሊያንስ ይችላል። ሐኪሙ ከወራት በኋላ «ድገመው» ቢል አትደንግጡ።