ደመወዝሽን የከፈለው በግ

ባለፈው ሰሞን የጎረቤቴ ልጅ ከደብረ ብርሃን መጥታ ነበር። አካውንቲንግ እስከ ደረጃ አራት ተምራ የብቃት ምዘናውንም (ሲኦሲ) አልፋለች። አንድ የግል ድርጅት ውስጥ «ልምድ ለማግኘት» ብላ በነጻ መሥራት ከጀመረች ስምንት ወሯ ነው። ቡናው እስኪፈላ ስለ ሥራዋ ስታወራኝ አንዴም አላማረረችም። ጠዋት ቢሮውን የምትከፍተው እሷ፣ ደረሰኝ የምትቆርጠው እሷ፣ የወሩን ሪፖርት የምታዘጋጀው እሷ፣ ማታ ቁልፉን ይዛ የምትወጣውም እሷ ናት። ሁለተኛው ላይ ስንደርስ ድንገት «ጋሼ፣ ልቀጥል ወይስ ልመለስ?» አለችኝ።

ቶሎ አልመለስኩላትም። «የቤት ኪራይሽን ማን ነው የሚከፍለው?» ብዬ ጠየቅኳት።

«አባዬ።»

«ከየት አምጥቶ?»

አንገቷን ደፋች። በግ እየሸጠ ነዋ። በጣቷ ባስቆጥራት በስምንት ወር አምስት ሆነ።

ልጆቼ፣ የመንዝ በግ ምን እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም። እዚህ መሐል ሜዳ፣ ከባሕር ወለል ከሦስት ሺህ ሜትር በላይ ተቀምጠን፣ ውርጭ ገብሱን አንድ ሌሊት ሲያጠፋው ቤት የሚያድረው በበግ ነው። ለገበሬው ባንኩም እሱ፣ መድኅኑም እሱ ነው። እናም ልጅቷን፣ «አንቺ ሂሳብ የተማርሽ ነሽ፤ ይህ የስምንት ወር ወጪ በማን መዝገብ ላይ ነው የተጻፈው?» አልኳት። የድርጅቱ መዝገብ ላይ የለም። በነጻ የሠራ ሰው የለም፤ ደመወዟን አባቷ ከጋጣው ሲከፍል ነው የከረመው። ያውም ለማያውቀው ነጋዴ ሠራተኛ ቀጥሮ መክፈሉ ነው።

ይህን የምለው የነጻ ልምምድን ለመርገም አይደለም። እኔ ራሴ በነጻ ሠርቼ ነው ሰው የሆንኩት። በወጣትነቴ ደብረ ብርሃን አንድ መሥሪያ ቤት ገብቼ ሰባት ወር ያለ ሳንቲም በጽሕፈት መኪና ጻፍኩ። የአማርኛ ኦሊቬቲ ነበረች፤ አንድ ፊደል በሁለት በሦስት ምት የምትሠራ፣ ጣት የምታሳብጥ። «ቦታው ሲፈቀድ ያንተ ነው» ይሉኝ ነበር። ቦታው ተፈቀደ፣ ሌላ ሰው ተቀጠረበት። ያን ቀን ወደ ቤት ስሄድ መንገዱ እስከ ዛሬ ትዝ ይለኛል። ግን ጣቶቼን ማንም አልወሰደብኝም። ሳላይ መጻፍ ችዬ ስለነበር ሦስት ወር ሳይሞላ በፈተና ሌላ ቦታ ተቀጠርኩ። ታዲያ ያ ሰባት ወር ጠቀመኝ ወይስ ጎዳኝ? ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ሁለቱ ወር ጠቀመኝ፤ መጻፉን የተማርኩት በሁለት ወር ነውና። የቀረው አምስት ወር ላም አለኝ በሰማይ ነበር።

በኋላ ዕድሜዬ ያለፈው በአስተዳደር ሥራ ነው። የቅጥር ኮሚቴ ውስጥ ተቀምጬ የስንቱን ልጅ ማስረጃ አገላብጫለሁ። እዚያ ያየሁትን ማንም ስለማይነግራችሁ እኔ ልንገራችሁ። ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የሚለጠፈውን ክፍት የሥራ ቦታ እስከ ታች አንብቡት። ደመወዙንና ደረጃውን አይታችሁ አትሂዱ። ብዙዎቹ ታች ላይ አንድ መስመር አላቸው፤ ከግል ድርጅት የሚቀርብ የሥራ ልምድ የሥራ ግብር የተከፈለበት መሆን አለበት ይላል። አሁን አስቡት። ደመወዝ ካልተከፈላችሁ የሚቆረጥ ግብር የለም። ግብር ካልተቆረጠ ያ ማኅተም የተመታበት ያማረ የልምድ ደብዳቤ ለእንዲህ ያለው ቦታ እንደ ልምድ አይያዝም። ስንት ልጅ የሁለት ዓመት የነጻ ሥራ ደብዳቤ ይዞ መጥቶ «ዜሮ ዓመት» ተብሎ ሲመዘገብ አይቻለሁ። ሲነገረው ፊቱ የሚሆነውን ማየት አትመኙም። በሆስፒታል በነጻ ሲያገለግሉ የከረሙ ጤና ባለሙያዎች እንኳ ይህ ደርሶባቸው ሲያዝኑ ሰምቻለሁ። ስለዚህ «ደብዳቤ አገኛለሁ» ብላችሁ ብቻ የምትገቡ ከሆነ፣ ደብዳቤው የት እንደሚያገለግልና የት እንደማያገለግል ከመግባታችሁ በፊት ጠይቁ።

ሕጉንም ቢሆን ብዙዎቻችሁ አታውቁትም፤ አሠሪውም እንድታውቁት አይፈልግም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 «ልሞክርህ» ለሚል አሠሪ የሙከራ ጊዜ ፈቅዶለታል፤ ግን በጽሑፍ ይሁን ይላል፣ ከ60 የሥራ ቀን አይለፍ ይላል፣ በሙከራ ላይ ያለ ሠራተኛም እንደማንኛውም ሠራተኛ መብት አለው ይላል። ደመወዝም ጭምር ማለት ነው። ስለዚህ «ሦስት ወር በነጻ ሞክሪና እንይሽ» የሚል ሰው በሙከራ ስም የሚያወራው ነገር ሕጉ ውስጥ የለም። አዋጁ ሙያ ለማጅንም አልረሳውም። የልምምድ ውል በጽሑፍ ሆኖ የሥልጠናውን ዓይነት፣ ጊዜውን፣ በሥልጠናው ወቅት የሚከፈለውንና የሥራውን ሁኔታ እንዲይዝ ያዛል፤ ሲያልቅም አሠሪው ምን እንዳሠለጠነና ለምን ያህል ጊዜ እንደሆነ የሚገልጽ ማስረጃ እንዲሰጥ። ይህን ሁሉ ይዛችሁ ሄዳችሁ አሠሪ ፊት አንቀጽ ቁጠሩ አይደለም የምለው። በዚህ አገር ሕግ እየጠቀሰ ሥራ የሚለምን ልጅ በር ላይ እንደሚመለስ አውቃለሁ። ግን መብቱን የሚያውቅ ሰው ሲለምንም አለማመኑ ይለያል።

«ታዲያ ጭራሽ አንግባ?» ብትሉኝ፣ አይደለም። እቤት ቁጭ ማለትም ዋጋ አለው። ዓመት ሙሉ ፀሐይ ሲሞቅ የዋለ ልጅ እጁ ይሰንፋል፣ አንደበቱም ይተሳሰራል። አጭር ልምምድ ግን እንደሚጠቅም እኔ ብቻ አይደለሁም የምለው። ተመራማሪዎች በአገራችን ወጣት ባለሙያዎችን በዕጣ ለይተው፣ ከፊሎቹን በተቋቋሙ ድርጅቶች ውስጥ ከሥራ አስኪያጆች ጎን አስቀምጠው ነበር። የቆይታው ጊዜ አንድ ወር ብቻ ነው። የገቡት ልጆች ካልገቡት ይልቅ ተቀጥረው የመሥራት ዕድላቸው ከፍ ብሎ ተገኘ፤ የራሳቸውን ሥራ በመክፈት ግን ልዩነት አልታየም። አንድ ወር መሆኑን ልብ በሉ። ስምንት ወር አይደለም።

ሌላውን ጥናት ደግሞ የበለጠ እወደዋለሁ። አዲስ አበባ ላይ ሥራ ፈላጊ ወጣቶችን በቡድን ከፍለው፣ ለአንዱ ወገን መሐል ከተማ ድረስ የሚያደርስ የአውቶቡስ ብር ሰጡት፤ ማስታወቂያ ሰሌዳው ያለው እዚያ ነውና። ሌላውን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ንግድ ሥራ ትምህርት ቤት በኩል ማመልከቻ አጻጻፍና የቃለ መጠይቅ አቀራረብ አስተምረው፣ ችሎታውን ፈትነው የምስክር ወረቀት ሰጡት። ከአራት ዓመት በኋላ ሲያዩት የተማሩትና የተፈተኑት ገቢያቸው ምንም ድጋፍ ካላገኙት ወደ 20 በመቶ ገደማ በልጦ ተገኘ። የአውቶቡሱ ብር ጥቅም ግን አልዘለቀም። ይህ ምን ይነግራችኋል? ብዙ ጊዜ የሚጎድላችሁ ችሎታው አይደለም፤ የምትችሉትን ለማያውቃችሁ ሰው የምታሳዩበት ማስረጃ ነው። የመሐል ሜዳ ልጅን ደብረ ብርሃን ላይ ማን ያውቀዋል? አባቱን የሚያውቅ የለም፣ አጎቱን የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ነጻ ልምምድ ከገባችሁ የምትፈልጉት የሚያሳይላችሁን ነገር ነው፤ የሚመሰክርላችሁን አለቃ፣ እጃችሁ የሠራውን ሥራ፣ የተፈተናችሁበትን ወረቀት።

ውጭ አገርም ይህ ክርክር ነበር። እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ2011 መንግሥት ለሥራ አጦች ድጎማ እየሰጠ በነጻ እንዲሠሩ ያስገድድ ጀመር። ኬት ራይሊ የምትባል የጂኦሎጂ ምሩቅ በራሷ ፈቃድ ሙዚየም ውስጥ በነጻ ትሠራ ነበር፤ የምትመኘው ሙያ እሱ ነዋ። ከዚያ አስወጥተው ፓውንድላንድ የሚባል ርካሽ ዕቃ መሸጫ ውስጥ መደርደሪያ እንድትሞላ አደረጓት። ከሰሰች፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ፍርድ ቤት ደንቡን ሕገ ወጥ አለው። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ መንግሥት ራሱ ያሠራው ጥናት ደግሞ፣ ሥራ አጦችን አስገድዶ ወር ያህል በነጻ ማሠራቱ ሥራ የማግኘት ዕድላቸውን እንዳልጨመረ አሳየ። ሁለቱም ነጻ ሥራ ነበር፤ የሙዚየሙም የሱቁም። አንዱ ግን ወደ ሙያዋ የሚወስዳት መንገድ ነው፣ ሌላው የሰው መደርደሪያ መሙላት።

እኛም ዘንድ ልዩነቱ ጥንት የታወቀ ነው። የከባድ መኪና ረዳትን አስቡት። ጎማ ይፈታል፣ ጭነት ያስራል፣ ጣርማ በርን በጭጋግ ሲወጡ ታኮ ይዞ ከኋላ ይሮጣል። ደመወዙ ምሳና ራት ብቻ ቢሆንም ቤተሰቡ አያዝንም፤ ሾፌሩ አንድ ቀን መሪውን እንደሚያስይዘው ሁሉም ያውቃልና። ረዳቱ ዓመት ሙሉ ጎማ ብቻ እየፈታ መሪ ካልነካ ግን፣ ያ ሾፌር ረዳት ሳይሆን ወዛደር ይዟል። የልብስ ሰፊውም ለማጅ እንዲሁ ነው፤ ቁልፍ ከመትከል ጀምሮ መቼ መቀስ እንደሚይዝ ይታያል። እናንተም ራሳችሁን በዚሁ መዝኑ፤ ከገባሁ ወዲህ መሪ ይዣለሁ ወይ?

ቴክኒክና ሙያ ለምትማሩት አንድ ነገር ልጨምር። ሥልጠናው 70 በመቶው በሥራ ቦታ፣ 30 በመቶው በትምህርት ቤት ይሁን ተብሎ የተቀረጸው ለክፋት አልነበረም፤ ሐሳቡ ጥሩ ነው። ችግሩ መሐል ሜዳ ላይ 70 በመቶውን የሚያስተናግድ ፋብሪካ የት አለ? ደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ፋብሪካ አለ፣ የቢራ ፋብሪካ አለ፣ በ2011 ዓ.ም. የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ አለ። እዚህ ግን ያለን ጥቂት የእንጨትና የብረታ ብረት ቤት፣ ጥቂት ጋራዥና የወረዳ ጽሕፈት ቤት ነው። መንገዱ በሚዘጋበት ሰሞን ደግሞ ደብረ ብርሃንም ሩቅ አገር ይሆናል። ስለዚህ አፓረንት፣ ማለትም የሥራ ላይ ልምምድ የወጣ ልጅ ጽሕፈት ቤት ገብቶ ፋይል ሲያቀብልና ሻይ ሲያመላልስ ይከርምና መዝገቡ ላይ ይፈረምለታል። ሻይ ማመላለስ ነውር አይደለም፤ ግን ለሻይ ሦስት ወር አያስፈልግም። እንዲህ ሲገጥማችሁ «ዝም አይነቅዝም» ብላችሁ አትቀመጡ። አሠልጣኛችሁን «ብየዳ ልማር ነው የተላክሁት፣ እስካሁን ብየዳ አልነካሁም» በሉት። አፍረው የሚያስነኩ አሉ።

ጊዜውን መወሰን ከሁሉ ይበልጣል። የጓሳን ሣር አታውቁትም? አባቶቻችን፣ አስቦና ጌራ የጀመሩትን የቄሮ ሥርዓት ተከትለው፣ ሣሩን ለዓመታት ዘግተው ሲያበቁ የሚከፈትበትን ጊዜ ተማክረው ይቆርጡ ነበር። ጊዜው ሲያበቃ ማጭዱን ይዞ የቀረ ሰው ይቀጣ ነበር። ያ ሣር ለአራት መቶ ዓመት ያህል ተጠብቆ የቆየው መቼ እንደሚገባና መቼ እንደሚወጣ የታወቀ ስለነበር ነው። ነጻ ሥራም የሚገባበት ብቻ ሳይሆን የሚወጣበት ቀን ይኑረው። እኔ ብሆን ከሁለት ወር አላሳልፍም፤ ሦስት ካላችሁም እስማማለሁ። ከዚያ በኋላ ያለው አሠሪው የሚያስፈልገውን ሠራተኛ በነጻ አገኘ ማለት ነው፤ በነጻ የሚያገኘውን ደግሞ ለምን ይገዛዋል?

አንድ የሚከነክነኝ ነገር አለ። ይህ ሁሉ ምክር በግ ላለው ቤት ነው። አባት የሌለው፣ ወይም አባቱ የሚሸጠው በግ የሌለው ልጅ፣ ደብረ ብርሃን ላይ አንድ ወር እንኳ በነጻ መቆየት አይችልም። ከጎረቤቴ ልጅ ቢበልጥ እንኳ ውድድሩ ውስጥ አይገባም። በአንዳንድ ከተሞች ለተለማማጅ ወጣት የኪስ ገንዘብ የሚከፈልበት ፕሮግራም ተሞክሯል፤ እንዲህ ያለው የሚያስፈልገው ለእሱ ነው። ያ ልጅ እዚህ ካለ፣ ነጻ ሥራ ከመፈለጉ በፊት የሚከፈልበትን ይጠይቅ፤ ካጣም ምሳ ከሚያበላው ሙያተኛ ጋር እዚሁ ይጣበቅ።

ለልጅቷ በመጨረሻ ያልኳት ቀላል ነው። ሰኞ ግቢና አለቃሽን፣ «ስምንት ወር ሠርቻለሁ፣ መዝገቡን ችያለሁ፤ ከመጪው ወር ጀምሮ በደመወዝ ቅጠሩኝ፣ የማይቻል ከሆነ የሠራሁትን በዝርዝር የሚገልጽ ደብዳቤ ስጡኝ» በይው። ደብዳቤው «ታታሪና ቅን ሠራተኛ ነበረች» ከሚል፣ የትኛውን ሶፍትዌር እንደሠራሽበትና የስንት ወር ሂሳብ እንደዘጋሽ ይጻፍበት። የአለቃሽን ስልክም ያዢ። ፈራች። «ቢያባርረኝስ?» አለች። «ያልተቀጠረን ማን ያባርራል?» አልኳትና ሁለታችንም ሳቅን።

አባቷ ትናንት አጥሩ ጋ አግኝቶኝ ነበር። ለመጪው ወር ኪራይ ብሎ አንዱን ሙክት ለይቶ አስሮታል። «ልሽጠው እንዴ?» አለኝ። ልጅቷ ደውላ ምን እንዳሏት እስክትነግረን ድረስ እንዲያቆየው ነገርኩት፤ ፈትቶ ከመንጋው ጋር ቀላቀለው።