ስለ ለቅሶ ደራሽ ብድር

ሰው ሠርጉን ያጀበለትን ወዳጁን ብድርኽን ለመመለስ ያብቃኝ ይለዋል፤ ለቅሶ የደረሰለትን ግን እንዲህ ሊለው አይደፍርም፤ የለቅሶ ብድር የሚከፈለው ካበዳሪው ቤት ሞት ሲገባ ነውና። ስለዚህም ባለኀዘን ውለታውን በደስታ ያስከፍለው ዘንድ ፈጣሪውን ይለምናል። መንግሥታትም የሌላውን አገር መሪ ሞት ሰምተው የኀዘን ቃል ሲልኩ፥ ባለኀዘኑም ምስጋና ሲመልስ፥ ይኸው ብድር በመካከላቸው ይጻፋል።

ይህን ልማድ ከንቱ ወግ የሚሉት አሉ፤ ትናንት የተጣላ ዛሬ አዘንኹ ቢል ማን ያምነዋል ይላሉ። ጨርሶ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን የአሞን ንጉሥ ናዖስ በሞተ ጊዜ ዳዊት ልጁን ሐኖንን የሚያጽናኑ መልእክተኞች ላከ፤ መኳንንቱ ሰላዮች ናቸው ብለው ስለ መከሩት ሐኖን የሰዎቹን ጢም እኩሌታ አስላጭቶ፥ ልብሳቸውንም እስከ ወገባቸው አስቈርጦ ሰደዳቸው። (ምስኪኖቹ ጢማቸው እስኪበቅል ከኢያሪኮ አልወጡም።) ከዚያ የተነሣ ብዙ ሺሕ ሰው በጦር አለቀ። ያጽናኙን ልብ መመርመር የእግዚአብሔር ፈንታ ነው፤ የባለኀዘን ፈንታ መቀበል ነው።

ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ነሐሴ 14 ቀን 2004 ዓ.ም. በብራስልስ ሲሞቱ፥ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ካረፉ ገና አራተኛ ቀን ነበር፤ የአዲስ አበባ ሰው ካንዱ ለቅሶ ወደ ሌላው ተሻገረ። ነሐሴ 27 ቀን በመስቀል ዐደባባይ ለሽኝት ከመጡት መሪዎች አንዱ የሱዳኑ ዑመር አልበሽር ናቸው። በ1987 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የግብጹን ሙባረክን ሊገድሉ የሞከሩትን ሰዎች አስጠግቷል ተብሎ በኢትዮጵያ የተከሰሰው የርሳቸው መንግሥት ነበር። የሐኖን መኳንንት በዚያ ቢኖሩ የሚናገሩት አያጡም ነበር፤ ኾኖም ለቅሶው በክብር ተቀበለ። ደቡብ ሱዳንም ካዘኑት ጎረቤቶች አንዷ ነበረች።

የምስጋናው ቃል የተነገረው በአዲስ አበባ ነው፤ ብድሩ የተጠየቀው ግን በጋምቤላ ነው። በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. በጁባ ጦርነት ተነሥቶ ሕዝቡ ድንበሩን እየተሻገረ ገባ፤ በኩሌ፥ በቴርኪዲ፥ በጀዊና በሌሎቹ ሰፈሮች ከ300 ሺሕ የሚበልጥ ስደተኛ ተጠለለ። የክልሉ ተወላጅና ነዋሪ ራሱ በ1999 ዓ.ም. ሲቈጠር 307 ሺሕ ያኽል ብቻ ነበር፤ ይህ እንግዳን ከባለቤቱ ጋራ የሚያስተካክል ብድር ነው። ደግሞም ሚያዝያ 7 ቀን 2008 ዓ.ም. ከደቡብ ሱዳን የተሻገሩ ታጣቂዎች በጋምቤላ ከ200 በላይ ሰው ገደሉ፥ ከመቶ በላይ ሕፃናትንም ማርከው ወሰዱ። አገሪቱ ኹለት ቀን አዘነች። ከዚያም ወዲህ ስደተኛው መግባቱን አልተወም፤ በሩም አልተዘጋበትም።

እንግዲህ የምስጋና ደብዳቤ የሚጽፍ ጸሓፊ በማን ስም እንደሚበደር ቢያስብ ይገባዋል። በኢታንግ ከሰፈሮቹ አጠገብ የሚያርስ ገበሬ የመስቀል ዐደባባይን ሽኝት አላየም፤ ከመሪዎቹም አንዱን እንኳ እጅ አልነሣም፤ ደኑ ለማገዶ ሲመነጠር ግን በዐይኑ አይቷል፥ ሌሊትም ከደጁ የሚያለቅሰውን እንግዳ ሰምቷል።