የአባት መታሰቢያ በልጅ እጅ

አባት በሞተ ጊዜ ልጅ ምን ያደርግለት ዘንድ ይገባዋል? ይህ ጥያቄ ኀዘንተኞች በየጊዜው ለካህናት የሚያቀርቡት ጥያቄ ነው። መልሱም በከፊል የታወቀ ነው። ጸሎተ ፍትሐት ይደረግለታል፤ በ40ኛውና በ80ኛው ቀን፣ በሙት ዓመቱም ስሙ በጸሎት ይጠራል፤ ነዳያን በስሙ ይመገባሉ። አባቶቻችን ይህን ሥርዐት የሠሩልን መቃብር ሥጋን ቢለይ ፍቅርን እንዳይለይ ብለው ነው። ስለዚህ ተዝካርን የሚያቃልል ቃል ከእኛ ዘንድ አይወጣም።

ነገር ግን የተዝካሩ ዕለት አልፎ፣ ድንኳኑ ተነቅሎ፣ እንግዳው ሁሉ ወደየቤቱ ከተመለሰ በኋላ የሚቀር ሌላ ጥያቄ አለ። ከዚያ ወዲያ ያሉት ቀኖች እንዴት ይሆናሉ? አባት በዓመት አንድ ቀን ታስቦ በቀሩት ቀኖች የሚረሳ ነውን? ወይስ ልጅ ዘወትር አባቱን የሚያስብበት መንገድ አለ? በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የወደድነው ይህን ነው። ምርመራችንም በአንድ ዓይነት አባት ላይ ይሆናል፤ ይኸውም በሕይወቱ ሳለ ከልጁ ጋራ ተቀምጦ በእጁ መሥራትን ይወድ የነበረ አባት ነው።

እንዲህ ያለውን አባት በቅርብ እናውቃለን፤ የወለዱን አባታችን እንዲህ ያሉ ሰው ነበሩና። ገበሬ ነበሩ። የክረምቱ ዝናም ከቤት ባዋላቸው ጊዜ እንኳ እጃቸው ሥራ አይፈታም ነበር። የዋንዛ ግንድ ጠርበው በርጩማ ያበጃሉ፤ ከወይራ መቋሚያ ያቃናሉ፤ የተሰበረ ሞፈር ይለውጣሉ። ይህንንም ሁሉ ብቻቸውን አያደርጉትም ነበር። «ና ልጄ፣ ይህን ያዝልኝ» ይሉናል፤ እኛም «እሺ አባባ» ብለን እንጨቱን በሁለት እጃችን ይዘን በፊታቸው እንቀመጣለን። ዛሬ ስናስበው ያ እንጨት ያዥ የሚያስፈልገው አልነበረም፤ በጉልበታቸው መካከል አጥብቀው ብቻቸውን ሊጠርቡት ይችሉ ነበር። የፈለጉት የልጃቸውን አብሮ መቀመጥ ነበር።

ከሁሉ ይልቅ የሚወዱት ሥራ ግን ከቀፎ ጀምሮ በቤተ መቅደስ የሚፈጸመው ነበር። ቀፎውን ከሸምበቆና ከሐረግ ይጎነጉኑታል፤ በእበትና በጭቃ ይለቀልቁታል፤ ከደረቀም በኋላ ውስጡን ንብ በሚወደው ቅጠል አጥነው ከዛፍ ላይ ይሰቅሉታል። ንቡ ገብቶ ማሩ ከተቆረጠ በኋላ ሰፈፉን በውሃ አፍልተው በጨርቅ ይጨምቁታል፤ ሲቀዘቅዝም ሰሙ በውሃው ላይ ረግቶ ይገኛል። እናታችን የፈተሉትን ጥጥ እየገመዱ፣ በቀለጠው ሰም እያሳለፉ ጧፍ ያደርጉታል። ከእሳቱና ከሚፈላው ሰም በቀር ከዚህ ሥራ ለልጅ እጅ ያልተፈቀደ አንድም ክፍል አልነበረም።

የሕፃን እጅ የገመደው ፈትል ምን እንደሚመስል የታወቀ ነው፤ አንዱ ወገኑ ወፍራም፣ አንዱ ወገኑ ቀጭን ይሆናል። አባታችን ግን እንዲህ ያለውን ጧፍ ፈትተው እንደ ገና አይገምዱትም ነበር። ከራሳቸው ጧፍ ጋራ በአንድነት አስረው ለበዓል ወደ ቤተ ክርስቲያን ይወስዱታል። እኛም ከሕዝቡ መካከል ቆመን ከሚበሩት ጧፎች የትኛው የአባታችን፣ የትኛው የእኛ እንደ ሆነ ለመለየት ዓይናችንን እንተክል ነበር፤ ብርሃኑ ግን አንድ ነበረና መለየት አይቻለንም።

እንግዲህ እንጠይቅ። ብቻውን ቢሠራ በግማሽ ቀን የሚፈጽመውን ሥራ፣ ልጁን አጠገቡ አስቀምጦ ቀኑን ሙሉ የሚሠራ አባት ይህን ስለ ምን ያደርጋል? የሥራውን ዋጋ ብቻ የሚቈጥር ሰው ይህን ሞኝነት ይለዋል፤ ጊዜውም ጠፋ፣ ፈትሉም ተበላሸ ይላል። እኛ ግን ጊዜው ተሰጠ እንጂ አልጠፋም እንላለን። ሰው ለልጁ ገንዘብ ቢሰጥ ከተረፈው ሊሰጥ ይችላል፤ ዕድሜውን ቢሰጥ ግን ከሚኖርበት ከፍሎ ይሰጣል እንጂ ከተረፈው አይሰጥም፤ ከዕድሜ የሚተርፍ የለምና። ጌታችን በመዝገቡ ሣጥን አንጻር ተቀምጦ ከባለጸጎቹ ስጦታ ይልቅ የድኻይቱን መበለት ጥቂት ገንዘብ ያከበረው፣ የምትኖርበትን ስለ ሰጠች እንደ ነበረ እናስታውስ። ዕርፍና መጋዝ የጨበጠ፣ የቀኑ ድካም የከበደው አባት ለልጁ የሰጠው ሰዓትም በዚህ ሚዛን ይመዘናል።

ይህ ነገር ከዚህም የጠለቀ መሠረት አለው። ዓለምን ያለ ረዳት የፈጠረ አምላክ ገነትን ያለ አዳም ሊጠብቃት ይችል ነበር። ነገር ግን ያበጃትና ይጠብቃት ዘንድ አዳምን በገነት አኖረው፤ ስም ያወጣላቸውም ዘንድ እንስሳቱን ወደ እርሱ አመጣቸው። ሐዋርያው ጳውሎስም ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ ራሱንና ባልንጀሮቹን ከእግዚአብሔር ጋራ አብረው የሚሠሩ አድርጎ ይናገራል። እግዚአብሔር ሥራውን ከእጃችን የሚያካፍለን ያለ እኛ ስለማይሆንለት አይደለም፤ ልጆቹ ስለ ሆንን ነው። ስለዚህ ልጁን «ና፣ ይህን ያዝልኝ» የሚል አባት፣ ራሱ ሳያውቀው የፈጣሪውን ቸርነት በትንሹ ይከተላል።

ከዚህም በኋላ ዕረፍቱን ሐምሌ 26 ቀን የምናስበውን አረጋዊ ዮሴፍን እንመልከት። ወንጌል ስለ እርሱ የሚነግረን ጥቂት ነው፤ የተናገረው አንድ ቃል እንኳ አልተጻፈልንም። እጁ ግን አልተረሳም። የናዝሬት ሰዎች በጌታችን ትምህርት በተደነቁ ጊዜ የጠየቁትን ማቴዎስ ሲጽፍ የጸራቢ ልጅ ተብሎ እንደ ተጠራ ይነግረናል፤ ማርቆስ ደግሞ እርሱ ራሱ ጸራቢ ተብሎ እንደ ተጠራ ይነግረናል። ዮሴፍ በሥጋ የወለደው አይደለም፤ ጠባቂና አሳዳጊ ሆኖ የተመረጠ ነው እንጂ። ይሁን እንጂ ሰማይንና ምድርን የሠራ ጌታ ራሱን ዝቅ አድርጎ በዚህ ሽማግሌ ቤት አደገ፤ የሽማግሌውም ሥራ መጠሪያው ሆነ። በ2ኛው መቶ ዓመት የነበረው ዮስጢኖስ ሰማዕትም ጌታችን በሰው መካከል ሳለ የእርሻ ዕቃና ቀንበር ይሠራ እንደ ነበረ ጽፎልናል። ዮሴፍ ቃል ሳይተውልን በሥራው መታወቁን ያስተዋለ አባት፣ ለልጁ የሚተወው ብዙ ንግግር የለኝም ብሎ አያዝንም።

በዚህ ስፍራ አንድ የቆየ በደል ሳንጠቅስ ማለፍ አይገባንም። በሀገራችን ብረት የሚቀጠቅጠውን፣ ሸክላ የምትሠራውን፣ ቆዳ የሚፍቀውን፣ ሸማ የሚሠራውን ማዋረድና ክፉ ስም መስጠት ለብዙ ዘመን የተለመደ ነበር። ሰው የሚያርስበትን ማረሻ ከአንጥረኛው ተቀብሎ፣ አንጥረኛውን ግን ከማዕዱ ያርቅ ነበር። የክርስቶስን ስም የተሸከምን ሰዎች ይህን ማድረጋችን እንዴት ያለ ተቃውሞ ነው! ጌታችን ጸራቢ ተባለ፤ ጳውሎስ በቆሮንቶስ ከአቂላና ከጵርስቅላ ጋራ ድንኳን ሰፋ፤ በሙሴም ዘመን እግዚአብሔር ባስልኤልን ለድንኳኑ ሥራ በጥበብ መንፈስ ሞላው፤ ሌላውን የማስተማር ስጦታም ጨመረለት። ጥበብ ከማስተማር ጋራ ተያይዞ መሰጠቱን ልብ እንበል። እንግዲህ ልጁን የእጅ ሥራ የሚያስተምር አባት ከሥራው ጋራ ሠራተኛን ማክበርንም ያስተምረዋል። መዶሻ ጨብጦ የደከመ ልጅ መዶሻ የጨበጠውን ሰው መናቅ አይቀለውም።

አሁን ወደ ሞት እንመለስ። አባታችን ባረፉ ጊዜ ጎንጉነው ያልለቀለቁት አንድ ቀፎ ከግድግዳው ተደግፎ ቀርቶ ነበር። ከዘመዶች አንዳንዶቹ እንደ ተጀመረ ተሠውሮ ይቀመጥ አሉ፤ ሌሎቹም ባዩት ቍጥር ኀዘን ስለሚያድስ ከቤት ይውጣ አሉ። እናታችን «እጃቸው ያረፈበት ነውና አይነካ» ብለው ዓመት ሙሉ በስፍራው አቆዩት። በመካከሉ ሸምበቆው ደረቀ፤ ሐረጉም መላላት ጀመረ። ከሙት ዓመቱ በኋላ ግን እናታችን ራሳቸው እበቱንና ጭቃውን ለውሰው አቀረቡልንና «ያባትህ ሥራ ስለ ምን ባዶውን ይቀመጣል?» አሉን። ለቀለቅነው። ይህን ሥራ ከያዝን ብዙ ዓመት አልፎ ነበር፤ እጃችን ግን ከአሳባችን ይልቅ ያስታውስ ነበር። ጭቃውን የት አጥብቆ መጫን፣ የት አለዝቦ ማለፍ እንደሚገባ አውራ ጣታችን ያውቅ ነበር። ለካ አባታችን ያን ሁሉ ዘመን በእጃችን ውስጥ መታሰቢያቸውን ሲያኖሩ ኖረዋል።

የእናታችን የመጀመሪያው ቃልም የሁለተኛውም ቃል ከፍቅር የወጣ ነው። ሆኖም የቱ ይበልጣል ብንባል ሁለተኛው ይበልጣል እንላለን። አባት የጀመረውን ሥራ እንደ ተጀመረ መጠበቅ አባትን በሞተበት ቀን ማቆየት ነው፤ ሥራውን መፈጸም ግን አባትን በሠራበት ቀን ማሰብ ነው። ንጉሥ ዳዊት ቤተ መቅደስን ለመሥራት ወድዶ ሳለ አልተፈቀደለትም። እርሱ ግን ወርቁንና ብሩን፣ ናሱንና ብረቱን፣ የዝግባውንም እንጨት አዘጋጀ፤ የሥራውንም ምሳሌ ለልጁ ለሰሎሞን ሰጠው። ሰሎሞንም በነገሠ በ4ኛው ዓመት ጀምሮ በ7 ዓመት ፈጸመው። ሰሎሞን ያን የዝግባ እንጨት የአባቴ መታሰቢያ ነው ብሎ በግምጃ ቤት ዘግቶበት ቢሆን ኖሮ፣ አባቱን አከበረ ባልተባለ ነበር።

ምናልባት አንድ ሰው እንዲህ ይለን ይሆናል፦ ቀፎውም ይፈርሳል፤ ጧፉም ተቃጥሎ ያልቃል፤ ያስታወሰችው እጅም ራስዋ ነገ አፈር ትሆናለች፤ እንግዲህ ይህ መታሰቢያ ከንቱ አይደለምን? እውነት ነው፤ የሰው ትውስታ ከሰው ዕድሜ አይረዝምም። ያስታወሰው ሲሞት የታወሰውም ሁለተኛ ይረሳል። ስለዚህ ነው የእጅ መታሰቢያ ብቻውን የማይበቃው፤ ስለዚህም ነው ቤተ ክርስቲያን የሙታንን ስም በጸሎትዋ የምትጠራው። የልጅ እጅ አባቱን የሚያስታውሰው በሕይወት እስካለች ድረስ ነው፤ እግዚአብሔር ግን የማይረሳ ነውና አባታችንን ለእርሱ አደራ እንሰጣለን። ተዝካርና የእጅ ሥራ የሚጣሉ አይደሉም። አንዱ ለሙታን የምንለምነው ነው፤ ሁለተኛው ከሙታን የተቀበልነው ነው። የተቀበለውን ጥሎ የሚለምን ልጅ ምስጋና ይጎድለዋል፤ የተቀበለውን ይዞ የማይለምን ልጅም ተስፋ ይጎድለዋል።

እንግዲህ ገና በሕይወት ላላችሁ አባቶች የምንለው አለን። ዛሬ በብዙ ቤት አባትና ልጅ በአንድ ክፍል ተቀምጠው ያመሻሉ፤ አባትም ወደ ስልኩ፣ ልጅም ወደ ስልኩ ይመለከታል፤ አንድ ነገር በአንድነት ሳይነኩ ቀኑ ያልፋል። እኛ ገበሬዎች አይደለንም፣ ቀፎ የምንሰቅልበት ዛፍ የለንም አትበሉ። የተሰበረ ወንበር አለ፤ በግቢ የሚተከል ችግኝ አለ። መስቀል ሲደርስ የሚታሰር ችቦ፣ ለቡሄም የሚገመድ ጅራፍ አለ። ይህን ከገበያ ገዝቶ ማምጣት ይቀላል፤ ነገር ግን የተገዛ ችቦ ከደመራው ጋራ ነድዶ ያልቃል፤ ከልጅ ጋራ የታሰረ ችቦ ከነደደ በኋላም ይቀራል። እናቶችም እንዝርቱንና የስፌቱን ወስፌ ለልጆቻቸው እጅ ሲሰጡ ይህንኑ ያደርጋሉ። ሲያስተምሩም በቍጣ አይሁን፤ ሐዋርያው ልጆችን እንዳናስቈጣ አዝዞናልና። በስድብ የተማረች እጅ ሥራውን ታስታውስ ይሆናል፤ አስተማሪዋን ግን በፍቅር አታስታውሰውም።

አባቱን በሕፃንነቱ ያጣ፣ ወይም አባቱ በሥራና በስደት ርቆበት ያደገ ሰውም ከዚህ ርስት የተከለከለ አይደለም። የክርስትና አባት አለ፤ አጎት አለ፤ ብራና መዳመጥንና ቀለም መበጥበጥን ለደቀ መዝሙሩ የሚያሳይ መምህር አለ። ያልተቀበሉትን መስጠት ይከብዳል፤ ሆኖም ያልተቀበለውን የሚሰጥ ሰው ከተቀበለው ይልቅ የሚመሰገን ነው።

አባቶቻቸው ላረፉባችሁም እንዲህ እንላለን። ስማቸውን በጸሎት አስጠሩ፤ ነዳያንን በስማቸው አብሉ። ከዚያም መሣሪያቸውን ከተሰቀለበት አውርዳችሁ ዝገቱን ጥረጉት፤ ከቤታችሁ ልጅ አንዱንም ጠርታችሁ «ና፣ ይህን ያዝልኝ» በሉት፤ ልጁ የገመደውንም አትፍቱበት። ያረፉትን አባቶቻችንን አምላካችን በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን፤ እኛንም የተቀበልነውን ለልጆቻችን የምናደርስ ያድርገን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።