አሮጌ አምፕሊፋየር ለገዛ ልጅ

ልጄ፣ ገና ከካርቶኑ ሳታወጣው አንድ ነገር ልለምንህ፤ አታብራው። ሠላሳና አርባ ዓመት ጥግ ይዞ የተቀመጠ አምፕሊፋየር ሶኬት ላይ ሰክቶ «እስቲ ይሠራ እንደሆነ ልየው» ማለት ሊድን የሚችለውን ዕቃ በአንድ ቅጽበት መጨረስ ነው። ሻጩ «ትናንት ማታ ሲዘፍን ነበር» ቢልህም ስቀህ እለፈው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ጊዜ መድብለት።

ኋላ ላይ «የትኛው ይበልጣል?» ብለህ እንደምትመጣ ዐውቃለሁ። የጃፓኑ ወይስ የእንግሊዙ፣ ባለ ቫልቩ ወይስ ባለ ትራንዚስተሩ? ወጣት ሁሉ ከዚህ ጥያቄ ይጀምራል። ሁለቱም ከፋብሪካ እንደ ወጡበት ቀን እስኪሆኑ ድረስ ግን ጥያቄው መልስ የለውም። ካፓሲተሩ የደረቀ የጃፓን ሳንሱይ ከታደሰ የእንግሊዝ ኳድ ጎን አስቀምጦ «ሳንሱይ ባስ የለውም» የሚል ሰው ዕድሜን ሰምቶ ስሙን ሳንሱይ ብሎታል።

በመጀመሪያ ጀርባውን አንብብ። እኛ አገር መብራቱ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ለጃፓን ገበያ የተሠራው 100 ቮልት፣ ለአሜሪካ የተሠራው 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ይፈልጋል። ለውጭ ገበያ የተሠሩት ብዙዎቹ የጃፓን ዕቃዎች ከኋላ የቮልት መምረጫ አላቸው፤ 110፣ 120፣ 220፣ 240 የሚል። ያለፈው ባለቤት የት ላይ እንደተወው ሳታይ ስፒናውን እንዳትነካ። በዕቃ ሽያጭ ከኤምባሲ የወጣ፣ ከውጭ የተመለሰ ሰው በሻንጣ ያመጣው፣ ወይም አሜሪካኖቹ አሥመራ ላይ ቃኘው ጣቢያ በነበሩበት ዘመን የገባ ሊሆን ይችላል፤ ከየት እንደመጣ ሳታውቅ ቮልቱን አትገምት። ለ60 ኸርዝ ብቻ የተሠራ ትራንስፎርመር በ50 ኸርዝ ሲሠራ ቮልቱ ትክክል ቢሆን እንኳ ይሞቃል፣ ያጉረመርማል፤ እያንዳንዱ ሞገድ ስለሚረዝም የውስጡ ብረት በማግኔት ይሞላል። እንዲህ ያለውን በእጅህ እየዳሰስክ፣ አየር እየሰጠህ፣ ሳትጮህበት ተጠቀም።

ስለ መብራት ካነሳን፣ የከተማችንን የተጂን መብራት አንተም ታውቀዋለህ። የወፍጮ ቤት ሞተር ሲነሳ አምፖሉ ይደበዝዛል፤ ሌሊት ሁሉም ሲተኛ ደግሞ ቮልቱ ከሚገባው በላይ ይወጣል። ለትራንዚስተር ዕቃ ይህ ብዙም አያስጨንቅም። ለባለ ቫልቩ ግን የማሞቂያው ክር ቮልት መውረድና መውጣት ዕድሜውን ይበላዋል። ደኅና ስታቢላይዘር ግዛ። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ መጀመሪያ የሚመጣውን ምት አምፕሊፋየርህ እንዳይቀበለው ነቅለህ ጠብቅ።

ክዳኑን ፍታ። በካቻቢቴ እየፈታህ ብሎኖቹን በየቦታቸው ለይተህ አስቀምጥ። በጋ ላይ የበቾ ሜዳ አቧራ የማይገባበት የለም፤ ከሴት አያቴ ሳጥን ውስጥ እንኳ ይገኛል። ለስላሳ ብሩሽና ንፋስ ይበቃዋል፤ ውሃ አታስጠጋ። ከዚያ ዝም ብለህ እይ። የተነፋ ወይም ከሥሩ የፈሰሰበት ካፓሲተር፣ የጠቆረ ሬዚስተር፣ አይጥ የበላው ሽቦ። በጃፓን ዕቃዎች ላይ ካፓሲተሩን ከቦርዱ ጋር ያጣበቀ ቡናማ ሙጫ ካየህ በጥንቃቄ ፍቀህ አውጣው። አዲስ ሳለ ቢጫ የነበረው ያ ሙጫ ሲያረጅ ኤሌክትሪክ ማስተላለፍና የክፍሎቹን እግር መብላት ይጀምራል። ብዙ «ምክንያቱ ያልታወቀ» ጫጫታ ከእሱ የሚመጣ ነው።

አሁን አብራው ብዬ ልፈቅድልህ ነው፤ ግን በአምፖል በኩል። ከ60 እስከ 100 ዋት የሆነ የድሮውን ባለ ክር አምፖል ከአምፕሊፋየሩ ጋር በተከታታይ አገናኝ። ኤል ኢ ዲ አይሆንም። ስታበራው አምፖሉ ለአፍታ ፈክቶ ወዲያው ከደበዘዘ መልካም ነው። ፈክቶ ከቀረ ውስጥ አንድ ቦታ ሾርት አለ፤ አምፖሉ ጉልበቱን በራሱ ላይ ስለወሰደው ትራንስፎርመርህ ተረፈ። ባለ ክር አምፖል ከሱቅ እየጠፋ ስለሆነ ያገኘኸውን ደህና አድርገህ አስቀምጥ።

ካፓሲተር መቀየር የሥራው ግማሽ ነው። ኤሌክትሮላይቲክ የሚባሉት ውስጣቸው ፈሳሽ አለ፤ ሙቀትና ጊዜ ያደርቀዋል። ቮልቱ ከነበረው እኩል ወይም የሚበልጥ፣ የሙቀት ልኩ 105 ዲግሪ የሆነ ግዛ። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር ዕድሜው በግምት እጥፍ ይሆናል። የፋራዱን መጠን ግን አታሳድግ። «ትልቅ ይሻላል» ብሎ እጥፍ የሚያስገባ ሰው፣ ሲያበራው በሚጎርፈው ኃይል ዳዮዶቹን ሊያቃጥል ይችላል። አንዱን ቀይረህ አብራ፣ ለካ፣ ከዚያ ቀጥል። ሃያ ክፍል በአንድ ቀን ቀይሮ ዕቃው ሲያጉረመርም የቱ እንዳጠፋ የሚያውቅ የለም።

ትራንዚስተር ላይ ዓይንህን ክፈት። 2ኤን3055 እና እሱን የመሰሉት ታዋቂዎቹ የኃይል ትራንዚስተሮች ሐሰተኛቸው ዓለምን ሞልቷል። ከላይ ጽሑፉ ያምራል፤ ውስጡ ግን ቺፑ ትንሽ ስለሆነ ሙዚቃው ጠንከር ሲል ይሞታል። ተጂ ላይ የምትፈልገው ከሌለ በጅማ መንገድ፣ በሰበታና በዓለም ገና አድርገህ አየር ጤና ገብተህ መርካቶ መውጣትህ አይቀርም። እዚያም እንደኔ ከሆነ ካልታወቀ ሱቅ ከሚያብረቀርቅ አዲስ ይልቅ ምናለሽ ተራ ካለ አሮጌ ቦርድ ላይ የሚነቀል እውነተኛውን እመርጣለሁ፤ በቴስተር ለክቼ።

ክፍሎቹ ከገቡ በኋላ ሁለት ልኬት አለ። አንደኛው ስፒከር መውጫው ላይ ያለው ቀጥተኛ ቮልት ነው፤ ከ50 ሚሊቮልት በታች ከሆነ ተረጋጋ፣ 100 ከዘለለ ስፒከር እንዳትሰካ። ሁለተኛው ባያስ ነው፤ ሙዚቃ ሳይኖር በኃይል ትራንዚስተሮቹ የሚያልፈው ትንሽ ኤሌክትሪክ። የትኛው ሬዚስተር ላይ ስንት ሚሊቮልት መሆን እንዳለበት የአምራቹ የጥገና መመሪያ ይነግርሃል፤ በግምት አትሥራ። የምታስተካክልባት ትንሽዬዋ ማዞሪያ አርጅታ ከተቋረጠች በብዙ ዕቃዎች ላይ ባያሱ ወደ ላይ ጣሪያ ይነካና ትራንዚስተሮቹ ይነዳሉ። ስለዚህ ማዞሪያዋን ቀይር፤ ከዝቅተኛው ጀምር፤ ሲሞቅ ድጋሚ ለካ።

ባለ ቫልቩን ብቻህን ቤት ሆነህ አትክፈት። እዚህ ላይ ሽማግሌ ነው ብለህ አትናቀኝ። ውስጡ 400 ቮልትና ከዚያ በላይ አለ፤ ከሶኬት ከነቀልከውም በኋላ ካፓሲተሮቹ ያንን ይዘው ይቆያሉ። በሬዚስተር አፍስሰው፣ ከዚያ በቴስተር ዜሮ መሆኑን አረጋግጥ። በካቻቢቴ ሾርት አድርገው የሚያፈነዱትን አትከተል። አንድ እጅህ ኪስህ ውስጥ ይሁን። ባለ ቫልቩን ስታበራ ስፒከር ሁልጊዜ የተገናኘ ይሁን፣ አለዚያ የመውጫው ትራንስፎርመር ይጎዳል። ብርጭቆው ውስጥ ያለው ሰፊ ብረት ቀልቶ ካየህ ወዲያው አጥፋ፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የቫልቩ ሳይሆን ከፊቱ ያለችው የምታፈስ ካፓሲተር ነው።

አሁን የምለውን ብዙ ጓደኞችህ አይወዱትም። መጠገን ማሻሻል አይደለም። ክፍሉ ሁሉ ተነቅሎ በውድ የተተካበት፣ ሰርኪዩቱ የተቀየረ ኳድ 303 አይተህ ልታደንቅ ትችላለህ፤ ግን የኳድ ኩባንያ መሥራች ፒተር ዎከር በእንግሊዟ ሀንቲንግደን የሠራው ያ አይደለም። ዎከር ከጥሩ አምፕሊፋየር የሚጠብቀው የራሱን ጣዕም እንዳይጨምር ነበር። የአንተን ጣዕም ጨምረህበት ከሌላ ጋር ብታወዳድረው፣ ያወዳደርከው ራስህን ነው።

ስለ ዎከር ካነሳሁ አይቀር። እ.ኤ.አ. በ1978 የኩባንያው ሦስት አምፕሊፋየሮች ለፈተና ቀረቡ፤ በ1953 የወጣው ባለ 15 ዋት ቫልቭ ኳድ 2፣ በ1967 የወጣው ባለ 45 ዋት ትራንዚስተር 303፣ በ1975 የወጣው ባለ 100 ዋት 405። ጄምስ ሞየር የሚባል መሐንዲስ መራው፤ ውጤቱ ዋየርለስ ወርልድ መጽሔት ላይ ታተመ። አድማጮቹ የትኛው እየተጫወተ እንደሆነ አያዩም። ድምፁ እኩል ተደርጎ፣ ማንኛቸውም ከአቅማቸው በላይ ሳይገፉ ሲሰሙ፣ ከግምት የተሻለ መለየት አልቻሉም። በመካከላቸው ሃያ ሁለት ዓመትና አንድ የቴክኖሎጂ አብዮት ነበር! ከዚህ «ሁሉም አንድ ነው» የሚል ትምህርት አትውሰድ። የቫልቭ መውጫ ከስፒከርህ ጋር ካልተስማማ ባሱና ቀጭኑ ድምፅ ይለወጣል፤ ያም ይለካል፣ ይሰማልም። ግን ልዩነት አለ ለማለት መጀመሪያ ማስረጃ አቅርብ።

እቤትህ እንዲህ አድርግ። ሁለቱንም አምፕሊፋየር በተራ ከአንድ ስፒከር ጋር አገናኝና በስልክህ የ200 ኸርዝ ቀጥ ያለ ድምፅ አጫውት። ርካሽ ቴስተር ከ400 ኸርዝ በላይ ስለሚዋሽ ነው ዝቅ ያደረግኩት። ስፒከሩ ላይ ያለውን ቮልት ለካ፤ አንዱ 2 ቮልት ከሆነ ሌላውም 2 ይሁን፣ ልዩነቱ ከ0.02 አይበልጥ። ይህንን አትዝለል። ትንሽ ከፍ ብሎ የጮኸው ሁልጊዜ «ጠለቅ ያለ፣ ግልጽ» ይመስላል፤ ጆሮ እንደ ጩኸት ሳይሆን እንደ ጥራት ይቀበለዋል። የሚከራይ ሞንታርቦ ድምፅ ማጉያ ያላቸው ሰዎች ደንበኛ የሚይዙበት አንዱ ምስጢር ይኼ ነው፣ ልጆቻቸው አይስሙኝ እንጂ።

ከዚያ ወንድምህ ከመጋረጃ ጀርባ ሆኖ ሳንቲም እየጣለ ያቀያይር፤ አንተ ጻፍ። ከ10 ጊዜ 5 ወይም 6 ካገኘህ ሳንቲሙ ራሱ ያንን ያገኛል። 9 ካገኘህ እውነትም ሰምተሃል፤ በዕድል ብቻ 9 ወይም 10 የሚያገኝ ሰው ከ100 አንድ ነው።

ለማዳመጫ የምታውቀውን ሙዚቃ ምረጥ። ለመሐል ድምፅ መሲንቆ፣ ለፈጣን ምት ክራር፣ ለባስ ከበሮ፣ ከሁሉም በላይ የሰው ድምፅ። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ባቋቋመው አምሃ ሪከርድስ ዘመን የወጡትን ሸክላዎች እወዳለሁ፤ ለማወዳደር ግን ሸክላው አይመችም። እነዚያ ሸክላዎች የታተሙት ውጭ አገር ነው፣ ዛሬ እጅ ላይ ያሉት ብዙዎቹ ተጫውተው ያለቁ ናቸው፤ መርፌውም በየዙሩ አንድ ዓይነት አያነብም። ፍራንሲስ ፋልሴቶ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በኢትዮፒክስ ስም ካሳተማቸው ሲዲዎች አንዱን ውሰድና ሁልጊዜ ያንኑ ሃያ ሰከንድ ደጋግመህ አጫውት። ሸክላውን ፈተናው ሲያልቅ ለደስታህ አጫውት።

ስለ ዋት ብዙ አልልም። እ.ኤ.አ. ከ1974 በፊት አሜሪካ ውስጥ አምራቾች የፈለጉትን ቁጥር ይጽፉ ነበር፤ በዚያ ዓመት ነው መንግሥት በደንብ የገታቸው። 15 ዋትን 100 ብታደርገው የምታገኘው ጭማሪ 8 ዴሲቤል ገደማ ነው፤ ለጆሮ እጥፍ ለመምሰል ደግሞ ወደ 10 ያስፈልገዋል። ለአንድ ክፍል ቤት 270 ዋት የሚያወጣ ፓዮኒር ፍለጋ አዲስ አበባን አትዙር።

ፈትነህ ልዩነት ካላገኘህ፣ መለዋወጫው መርካቶ የሚገኝለትን አስቀርና ሌላውን ሽጥ። ከመሸጥህ በፊት የቀየርከውን ሁሉ፣ ቀኑንና የለካኸውን የባያስ ቁጥር በወረቀት ጽፈህ ከክዳኑ ሥር ለጥፍ። ያወጣኸውንም አሮጌ ክፍል በፌስታል አድርገህ አብረህ ስጠው፤ የሚገዛህ ልጅ እኔን መጥቶ እንዳይጠይቅ።